የብስክሌት ደስታና የስደተኛ ኅሊና

ማለዳ በአምስተርዳም ቦዮች ዳር ብስክሌቴን እየነዳሁ ወደ ሥራ ስሄድ ደስ ይለኛል። ይህን መናገር ያሳፍረኝ ነበር፤ አንድ ጓድ «ወገን በሚጨነቅበት ዘመን ስለ ነፋሻ አየር ማውራት ንዑስ ከበርቴያዊ ቅንጦት አይደለምን?» ብሎኛልና።

ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች ነዳጅ በመከልከላቸው የሆላንድ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አዘዘ፤ ሕዝቡም ጭር ባለው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ተንሸራሸረ። ያው የነዳጅ ውድነት በዚያው ዓመት በየካቲት የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች ለአድማ አስነሣ። እዚህ ሽርሽር፣ እዚያ አብዮት!

ይሁን እንጂ በዚያ እሑድ ፔዳል የረገጠው ሆላንዳዊ ከባለታክሲው አንዲት ሊትር ቤንዚን አልቀማም፤ እንዲያውም ነዳጅ ቆጠበ። ደስታ የሚያስጠይቀው የሌላው ላብ ሲከፈልበት ነው። ብስክሌት የሚበላው የነጂውን ጉልበት ብቻ ነው (ብረቱን የቀጠቀጠውን ሠራተኛ አልዘነጋሁም)።

«ያስረሳል» የሚለው ክስ ግን ይከብደኛል። በእርግጥ ለሃያ ደቂቃ ያህል እረሳለሁ። ሆኖም ዳገት በሌለበት በዚህ አገር ነፋሱ ከፊት ሲገጥመኝና ጉልበቴ ሲዝል፣ ትዝ የሚለኝ የእንጦጦ አቀበት ነው። ክፍሉን ዘግቶ የሚተክዘውስ ለወገኑ ምን ጨመረለት?

ያ ጓድ ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ጉዳይ ብስክሌቴን ተዋሰኝ። እስካሁን አልመለሰልኝም።