ራስን ማሸነፍ ሲባል አሸናፊው ማን ነው?

በዘመናችን ከስፖርተኞች አንደበት አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ራሴን አሸነፍሁ» የሚለው ነው። ባልንጀሮቹን ቀድሞ የገባው ብቻ ሳይሆን ከሁሉ ኋላ ቀርቶም ቢሆን የጀመረውን የፈጸመ ሰው ይህን ይናገራል። አነጋገሩ ለጆሮ ያማረ፣ ለክርስቲያን ልብም የቀረበ ነው፤ ቅዱሳን አበው ሰው ከራሱ ጋር ስለሚያደርገው ተጋድሎ ብዙ አስተምረዋልና። ነገር ግን በዚህ ጦርነት ድል የነሣው ማን ነው? የተሸነፈውስ? ሁለቱም አንድ ሰው ከሆኑ፣ ከድሉ በኋላ በቤቱ የሚነግሠው የትኛው ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባ ይመስለናል። ጥያቄውን የረጅም ርቀት ትራያትሎን ከሚባለው ውድድር ጋር አያይዘን እንመለከተዋለን፤ አነጋገሩ ከዚህ ይበልጥ የሚዘወተርበት የስፖርት ዓይነት እምብዛም አይገኝምና።

ውድድሩ ሦስት ተግባሮችን ያለ ዕረፍት ያከታትላል። ተወዳዳሪው በመጀመሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር በባሕር ወይም በሐይቅ ይዋኛል፤ ከውኃው ወጥቶ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይጓዛል፤ ከዚያም አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ የሮጠውን ያህል፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሮጣል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጎሕ ሲቀድ የተጀመረው ውድድር ለብዙ ጀማሪዎች እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። በተለመደው ደንብ በ17 ሰዓት ውስጥ ያልጨረሰ ሰው እንደ ፈጸመ አይቆጠርም።

አጀማመሩ ከመንፈሳዊ ተጋድሎ የራቀ ነበር። በሐዋይ ደሴቶች ይኖር የነበረ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና ባለቤቱ ጁዲ፣ ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ማን ይበልጥ ብርቱ ነው በሚለው የወዳጆች ክርክር መነሻነት፣ በኦዋሁ ደሴት ለየብቻ ይደረጉ የነበሩትን ሦስት ረጃጅም ጉዞዎች በአንድ ቀን አጋጠሟቸው። የካቲት 18 ቀን 1978 ዓ.ም. 15 ሰዎች ጀምረው 12ቱ ፈጸሙ። ቀዳሚ የሆነው ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገባ፤ ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ግን አጃቢዎቹ ውኃ ስላለቀባቸው ቢራ እንዳጠጡት ይተረካል። ይህን ለአብነት አናቀርበውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይለማመዳል፤ በሳምንት እስከ 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ እስከ 15 ሰዓት ድረስ። ከሩቅ ለሚያየው ይህ ሁሉ ሥጋን መቅጣት ይመስለዋል። ቀርበን ስንመረምረው ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። አሠልጣኞች ለጀማሪ ደጋግመው የሚሰጡት ምክር «በርታ» ሳይሆን «ቀስ በል» የሚል ነው፤ የልምምዱም ብዙው ክፍል ከባልንጀራ ጋር እየተነጋገሩ ሊሮጡት በሚቻል ዝግታ ይፈጸማል። በብስክሌቱ ጉዞ መጀመሪያ ላይ ሌሎች ሲያልፉት ታግሦ መቅረት ያልቻለ ሰው ዋጋውን በማራቶኑ ይከፍላል። ሰውነት አጠራቅሞ የያዘው የስኳር ኃይል ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ ተወዳዳሪው ባይርበውም እየተጓዘ መብላት አለበት። ውኃ ያነሰው ይዝላል፤ ከልክ በላይ የጠጣ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ እስከ ሞት የሚያደርስ አደጋ ሊያገኘው ይችላል። ጡንቻም የሚጠነክረው በድካሙ ሰዓት ሳይሆን ከድካሙ በኋላ፣ በዕረፍትና በእንቅልፍ ነው፤ ስለሆነም የዕረፍት ቀኑን የሚሽር ሰው ትጉህ መስሎት ይሳሳታል።

እንግዲህ በደንብ የተያዘ ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ከዐበይት ምግባራት አንዱ አድርጋ የምታስተምረውን መጠነኝነትን የሚመስል ነገር ያስተምራል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሥጋ በዚህ ሥራ እንደ ጠላት ምሽግ የሚደበደብ አይደለም፤ ድምፁ የሚሰማ፣ ልኩ የሚታወቅ የሥራ ባልደረባ ነው። «ራሴን አሸነፍሁ» የሚለው አነጋገር ይህን የብዙ ወራት መደማመጥ ፈጽሞ አይገልጸውም።

አደጋው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጉልበቱ እንደ ተጎዳ እያወቀ፣ ማቆምን እንደ ውርደት ቆጥሮ የሚቀጥል ሰው አለ። በዚህ ሰው ውስጥ ያሸነፈው የገዛ ፈቃዱ ነው፤ የተሸነፈው ሥጋው ነው። የምናኔ ትውፊት ግን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲገራ የፈለገው ፈቃድን ነበር! ጾም የሥጋን ፍላጎት የሚያደክመው ፈቃድ እንዲለዝብ እንጂ እንዲነግሥ አይደለም። የዐቢይ ጾምን ቀን ቆጥሮ የሚሰጠን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እኛ አልመረጥነውም። ከጎረቤቶቻችን ጋር በአንድነት እንጾመዋለን፤ ከማዕድ የተረፈውም ለድኻ ይሆን ዘንድ ታዝዘናል። ሯጩ ግን ቀኑን ራሱ መርጧል፤ ድካሙም በደቂቃና በሴኮንድ ተለክቶ በስሙ ይመዘገባል። መከራን በፈቃድ መቀበል ብቻውን ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

ቅዱስ ጳውሎስ በሯጭ ምሳሌ ማስተማሩን የሚያስታውሱን ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። እውነት ነው፤ በቆሮንቶስ አቅራቢያ የኢስትምያ ጨዋታዎች ይደረጉ ስለ ነበር ምሳሌው ለአድማጮቹ ቅርብ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን መልእክት 9ኛ ምዕራፍ ከመነሻው ለሚያነብ፣ ሐዋርያው ወደ ሯጩ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚናገረው ስለ ተወው መብት ነው፤ በወንጌል ሥራ የመተዳደር መብት እያለው ለሌሎች መዳን ሲል እንዳልተጠቀመበት ይተርካል። ሥጋውን የሚገዛበት ምክንያት ቀድሞ ተነግሯል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ስፖርቱን ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ብለው ከሚንቁት ጋር አንስማማም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2000 ዓ.ም. በኢዮቤልዩ ዓመት በሮም ኦሊምፒክ ስታዲየም ከስፖርተኞች ጋር በዓል አክብረዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2289 የሚያወግዘው ለሥጋ የሚደረገውን አምልኮ እንጂ ለሥጋ የሚደረገውን እንክብካቤ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. በሐዋይ ስትመራ የነበረችው ተማሪ ጁሊ ሞስ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ጉልበቷ ከድቷት ወደቀች፤ ሌላዋ አለፈቻት፤ እርሷም በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች በ29 ሴኮንድ ልዩነት ሁለተኛ ሆና ገባች። ይህን ትዕቢት ብሎ መጥራት ይከብደናል። ትዕቢተኛ በካሜራ ፊት አይድኽም።

ከትዕቢትም ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የሰዓቱ ነገር ነው። በሳምንት 15 ሰዓት ከየት ይመጣል? ሥራ ላለውና ልጆች ላሉት ሰው ከእንቅልፉ ወይም ከቤተሰቡ ይመጣል። እርሱ ጎሕ ሳይቀድ ሲወጣ ልጆቹን የሚያለብሰው፣ ቁርስ የሚያበላው ሌላ ሰው ነው። ረጅሙ ብስክሌትና ረጅሙ ሩጫ ብዙውን ጊዜ በቅዳሜና በእሑድ ይውላሉ፤ ከውድድሮቹም ብዙዎቹ የሚደረጉት በእሑድ ነው። ታዲያ የሰንበት ቅዳሴ የት ይገባል? በመጨረሻው መስመር ላይ ባለቤቱን አቅፎ «ያለ እርሷ አይሆንልኝም ነበር» የሚለው ሰው ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ ቢሆንም በፊት ተጠይቃ ነበርን? ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰደ ሰዓት በምስጋና አይመለስም። አንድ ሰው ለመመዝገብ ሲነሣ በመጀመሪያ ሊያማክረው የሚገባው ከሐኪሙም ከአሠልጣኙም በፊት በቤት የሚቀረውን ሰው ነው ብለን እናምናለን። የታመመች እናት የምታስታምም፣ ሌሊት የምትነሣ ሴት ድካሟን የሚለካ ሰዓት የለም፤ ሜዳልያም አይጠብቃትም። ስለ ጽናት ለመናገር ከፈጻሚው ይልቅ መብቱ የእርሷ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ በቸልታ ልናልፋቸው የማንችላቸው ሰዎች አሉ። ዲክ ሆይት የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ልጁ ሪክ ሲወለድ ባገኘው የአንጎል ጉዳት ምክንያት መራመድም መናገርም አልቻለም። በ1977 ልጁ በኮምፒዩተር አማካይነት በአንድ የበጎ አድራጎት ሩጫ ለመካፈል እንደሚፈልግ ለአባቱ ገለጠ፤ አባቱም በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋው ሮጠ። ሪክም በሩጫው ወቅት አካለ ስንኩል መሆኑ እንዳልተሰማው ነገረው። ዲክ ትራያትሎን ሲጀምር ዋና እንኳ አያውቅም ነበር። በ1989 በሐዋይ ልጁን በጀልባ እየጎተተ ዋኘ፤ ከብስክሌቱ ፊት በተሠራ መቀመጫ ይዞት ተጓዘ፤ በወንበር እየገፋው ማራቶኑን ፈጸመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ «ራሴን አሸነፍሁ» የሚለው ቃል ቦታ የሚያገኝ አይመስለንም።

በአሜሪካ የሚታወቁት ካቶሊካዊት መነኩሲት እኅት ማዶና ቡደር በ1930 ዓ.ም. ተወልደው በ23 ዓመታቸው ገዳም ገቡ። መሮጥ የጀመሩት በአንድ ካህን ምክር በ48 ዓመታቸው ነው፤ የመጀመሪያውን የረጅም ርቀት ትራያትሎን በ55 ዓመታቸው ፈጽመው፣ በ2012 በካናዳ በ82 ዓመታቸው ደግመውታል። ሲሮጡ እንደሚጸልዩ ተናግረዋል። የልብን ነገር የሚያውቅ እግዚአብሔር ስለሆነ ከዚህ አልፈን ስለ እርሳቸው አንመሰክርም። የምናውቀው በ2006 በሐዋይ፣ በ76 ዓመታቸው፣ የተወሰነው 17 ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው መግባታቸውን ነው። ውድድሩን ያቋቋመው ኮሊንስ ራሱ በ1978 የገባው ከ17 ሰዓት በጥቂት ሴኮንዶች አልፎ ነበር፤ በኋላ በወጣው ደንብ ቢሆን ኖሮ እንደ ፈጸመ አይቆጠርም ነበር።