የለፋ ቆዳ፥ ያልለፋ ልብ

ምእመናን ሆይ፥ በሞጆ የሚኖር ሰው ስለ ቆዳ ነገር ሌላ መምህር አያስፈልገውም፤ ነፋሱ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ ወገን በነፈሰ ጊዜ ሽታው ራሱ ያስተምረዋልና። ከየገበያው በጭነት መኪና የሚመጣው ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ታሽቶ ሲደርቅ እንደ ሳንቃ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ጨው ያደረቀው እንጂ እጅ ያለፋው አይደለምና ለጫማም፥ ለኮርቻም፥ ለዳዊት ማኅደርም አይረባም፤ ውሃ ያገኘው እንደ ሆነ ተመልሶ ይሸታል። በኖራ ተዘፍዝፎ ጠጉሩ ሲረግፍ፥ በስተውስጥ የተጣበቀው ሥጋና ሞራ ተፍቆ ሲወገድ፥ በማልፊያውም መድኃኒት ውስጥ ሲንከባለል ውሎ ሲያድር፥ ያን ጊዜ ለሰው ጥቅም የሚውል ቆዳ ይሆናል። አበው «ለፋ» የሚለውን አንዱን ቃል ለቆዳውም ለሰው ድካምም ማዋላቸው እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል።

ይህ የጨው ነገር በሰው ቆዳ ላይም ተደርጎ ነበር። የቡጢ ጓንት ሳይለመድ በፊት፥ ሰዎች በባዶ ጡጫ በሚደባደቡበት ዘመን፥ ቡጢኞች የጣታቸው አንጓ እንዳይቀደድ፥ የፊታቸውም ቆዳ ቶሎ እንዳይደማ ብለው እጃቸውንና ፊታቸውን በጨው ውሃ ያጠነክሩ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች የመጨረሻውን አክሊል የተቀዳጀው ጆን ሱሊቫን ነው። ይህ ሰው ከአየርላንድ ተሰደው ወደ አሜሪካ ከገቡ ድኾች በቦስተን ከተማ አጠገብ ተወልዶ፥ በ1874 ዓ.ም. ፓዲ ራያን የተባለውን ባለ ዝና በዘጠነኛው ዙር ጥሎ የዓለም ኃያል ተባለ፤ ከዚያም ወዲያ በየመሸታ ቤቱ እየገባ በዚያ ካለው ሰው ሁሉ የሚችለው እንደሌለ ይፎክር ጀመር። ፉከራ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የእኛ አባቶች የሚፎክሩት ከዘመቻ በፊትና በኋላ ነበረ፤ ሱሊቫን ግን የፎከረው ዋንጫ ጨብጦ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም.፥ ሐምሌ 2 ቀን፥ ሚሲሲፒ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፥ ሪችበርግ በተባለ ስፍራ፥ ይህ ሰው ከጄክ ኪልሬን ጋር ተገናኘ። በዚያ ዘመን ሕግ አንድ ዙር የሚያልቀው ከሁለቱ አንዱ መሬት ሲነካ ነበር፤ እነርሱም በሚያቃጥል ፀሐይ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲደባደቡ 75 ዙር ሞላ፤ በመጨረሻም የኪልሬን ረዳት ሰውየው እንዳይሞትበት ፈርቶ ድሉን ለሱሊቫን ለቀቀ። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ያወሩለት ኃይለ ሥጋ ይህ ነው።

ነገር ግን ይህ ኃይል ከወዴት መጣ? ከዚያ ግጥሚያ አስቀድሞ ሱሊቫን በስካር ብዛት አካሉ ከብዶ፥ ጤናውም ተናግቶ ነበርና ዊልያም ማልዱን የተባለ ታጋይ ኒው ዮርክ በሚባለው ክፍለ ሀገር ወዳለው እርሻው ወሰደው፤ በዚያም እንጨት እያስፈለጠ፥ በእግሩ እያስኬደ፥ መጠጡን ከልክሎ በብርቱ ሥርዐት ያዘው። ልብ በሉ፤ ሰውየው በእነዚያ ወራት ጾመኛ የሆነው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በሌላ ሰው ዘበኝነት ነበር። ስለዚህ ማልዱን ዘወር ባለ ጊዜ ዋንጫው ተመለሰ። ጨው ያደረቀው ቆዳ ውሃ አገኘ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ራሱን በቡጢኛ መስሎ ሲናገር፥ ጡጫው ያረፈው በባላጋራ ላይ ሳይሆን በገዛ ሥጋው ላይ እንደ ሆነ ገልጿል። ሱሊቫን ይህን አንዱን ባላጋራ ሳይመታ ቀረ። ጳጉሜን 3 ቀን 1884 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ፥ ገና 34 ዓመት ሳይሞላው፥ ቀድሞ የባንክ ጸሐፊ የነበረ ጄምስ ኮርቤት የተባለ ቀልጣፋ ወጣት በጓንት ገጥሞት በ21ኛው ዙር ዘረረው። ሰዎች ኮርቤት ጣለው ይላሉ፤ እኔ ግን ኮርቤት የደረሰው አስቀድሞ በወደቀ ሰው ላይ ነው እላለሁ፤ ሶምሶንንም ያሰሩት ፍልስጥኤማውያን ኃይሉን በደሊላ ጉልበት ላይ ትቶት ነው ያገኙት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በዚያው ዘመን ፒተር ጃክሰን የሚባል እጅግ የተፈራ ጥቁር ቡጢኛ ነበረ፤ ሱሊቫን ግን ከጥቁር ሰው ጋር አልገጥምም ብሎ በአደባባይ አስታወቀ። በቆዳው ጥንካሬ የታመነው ሰው በሌላው ቆዳ መልክ ተሰናከለ። ይህን ውድቀት ከኒው ኦርሊንሱ ውድቀት አብልጬ እቈጥረዋለሁ፤ ከመሬት የወደቀ ይነሣልና።

በእጁ የገባው ብዙ ሀብት በመጠጥና በከንቱ ልግስና ተበተነ። ነገር ግን እግዚአብሔር ለንስሓ ዘመን የሰጠው ሰው ነበር፤ በ1897 ዓ.ም. ማንም ዘበኛ ሳይቆምበት መጠጥን ፈጽሞ ተወ፤ ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፥ የስካርን ጥፋት ራሱን ምስክር አድርጎ ለሕዝብ ይናገር ጀመር። ያ ጡንቻ ከላላ፥ ያ ዘውድ ከሄደ በኋላ፥ ልቡ ያን ጊዜ ለፋ።

የሞጆ ልጆች ሆይ፥ በደረቁ ወደብ ዕቃ የምታወርዱ፥ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ በሚለያየው መንገድ ዳር መኪና የምትጠብቁ፥ ጉልበታችሁ ብርቱ እንደ ሆነ ዓይናችን ያያል፤ ቀን ሙሉ ሸክም ያነሣው ክንድ ማታ በአረቄ ምክንያት በወንድሙ ፊት ላይ ሲያርፍ ግን እናቶቻችሁ ያለቅሳሉ። የዛሬ ደመወዛችሁን ከመሸታ ቤቱ በፊት ወደ ቤታችሁ አድርሱ፤ ትናንት የተጣላችሁትንም ነገ ጎሕ ሲቀድ ሄዳችሁ ታረቁት።

ሱሊቫን ጥር 25 ቀን 1910 ዓ.ም. በ59 ዓመቱ ማሳቹሴትስ ውስጥ አቢንግተን በምትባል መንደር አረፈ። ሬሳውን ወደ መቃብር ካጀቡት ወዳጆቹ አንዱ፥ በዚያ ፀሐይ 75 ዙር የተደባደበው ጄክ ኪልሬን ነበረ።