ሥልጠና ለሰው ወይስ ሰው ለሥልጠና?

ወጣትን ለአንድ ሥራ የሚያዘጋጅ ሰው፣ መምህርም ይሁን የእጅ ሙያ አስተማሪ ወይም የስፖርት አሠልጣኝ፣ በአደራ የተቀበለው ማንን ነው? ለተቋሙ ፍሬ እንዲያፈራ የተገዛ መሣሪያን ነው ወይስ ገና ወደ ሙላቱ በመጓዝ ላይ ያለ ሰውን? በቃል ሲጠየቅ ሁሉም «ሰውን ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። እውነተኛው መልስ የሚታወቀው ግን ወጣቱ ደጋግሞ ሲሳሳት፣ ተመልካቹ ሲያጉረመርምና አሠልጣኙ ለገዛ እንጀራው መስጋት ሲጀምር ነው። ይህን ጥያቄ ለመመርመር ለብዙዎቹ አንባብያን እንግዳ ከሆነ ስፍራ፣ ከአሜሪካውያን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ምሳሌ ልንወስድ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ስሙን እንጂ ጠባዩን አይጋራም። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ እንቁላል መሰሉ ኳስ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ በእጅም ይወረወራል፤ አጥቂው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት አለበት። የአጥቂዎቹ መሪ ኳርተርባክ ይባላል። ኳሱ እጁ ከገባበት ቅጽበት አንሥቶ በሦስት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ግዙፋን ተከላካዮች ሊጥሉት እየሮጡበት፣ ከጓደኞቹ መካከል ማን ነፃ እንደ ሆነ አይቶ፣ መርጦ መወርወር ይጠበቅበታል። በባለሙያዎቹ ሊግ ከ1994 ጀምሮ አሠልጣኙ በራስ ቁሩ ውስጥ በተገጠመ ሬዲዮ ያናግረዋል፤ ነገር ግን ጨዋታውን ለማስጀመር ከተፈቀደው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀር ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ብቻውን ነው።

ለእኛ የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ሥልጠና ማለት ትእዛዝ መስጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድምፁ ሲቋረጥ ሥልጠናውም አብሮ ባለቀ ነበር። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ መምህር በጻፈው ምርምሩ መምህርን ከሐኪም ጋር ያነጻጽረዋል፤ ሐኪም ጤናን ከውጭ አምጥቶ እንደማያፈስስ፣ ይልቁንም በሕመምተኛው ውስጥ ያለውን ተፈጥሯዊ ኃይል እንደሚረዳ፣ መምህርም በተማሪው ውስጥ ያለውን የማስተዋል ኃይል ይረዳል እንጂ በእርሱ ፈንታ አያስተውልም። እንግዲህ የአሠልጣኝ ሥራ የሚመዘነው ድምፁ ከተዘጋ በኋላ በወጣቱ ውስጥ በሚቀረው ነገር ነው ማለት ነው።

አሌክስ ስሚዝ የተባለው ተጫዋች በ2005 በሊጉ ምርጫ ከወጣቶች ሁሉ አንደኛ ሆኖ በሳንፍራንሲስኮ ቡድን ሲመረጥ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 11 ውርወራዎቹ በተጋጣሚዎቹ ተነጠቁ፤ ለግብ የበቃው አንድ ብቻ ነበር። ይህ በራሱ ብዙ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ከ2005 እስከ 2010 በነበሩት ስድስት የውድድር ዘመናት ስድስት የማጥቃት አሠልጣኞች ተፈራረቁበት። እያንዳንዱም የራሱን የጨዋታ ቋንቋ፣ የራሱን ስያሜና የራሱን የአመለካከት ቅደም ተከተል ይዞ መጣ። በሀገራችን የቅኔ ተማሪ ከዋድላ ወደ ዋሸራ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው ፈልጎና የአንዱን መንገድ ጠግቦ ነው። ይህ ወጣት ግን በስፍራው ተቀምጦ ሳለ መምህሩ በየዓመቱ ይለወጥበት ነበር፤ ትናንት የተማረውንም ዛሬ እንዲረሳ ይታዘዝ ነበር። በ2007 ትከሻው ሲጎዳ ደግሞ የዋናው አሠልጣኝ ንግግር በብዙዎች ዘንድ የወጣቱን ብርታት እንደ መጠራጠር ተቆጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። የአሠልጣኙን ስም መጥራት ለነገራችን አይጠቅመንም። የአንድን ወጣት ሕመም በአደባባይ መጠራጠር ግን ከስህተት ሁሉ የከፋ ይመስለናል፤ እውነቱን ለመናገር እንዲፈራ ያስተምረዋልና።

በ2011 አዲስ አሠልጣኝ፣ ጂም ሃርቦ፣ መጣ፤ እርሱም ራሱ ቀድሞ ኳርተርባክ ነበር። ወጣቱን ከማሰናበት ይልቅ እምነት ጣለበት፤ ጨዋታውንም ለእርሱ ችሎታ እንዲስማማ አበጀው። ቡድኑ 13 ጨዋታ አሸንፎ በ3 ብቻ ተሸነፈ፤ በዓመቱ ሁሉ የስሚዝ ውርወራ የተነጠቀው 5 ጊዜ ብቻ ነበር። ክንዱ ያው የቀድሞ ክንዱ ነበር።

ይህ እንዲያውም በዚያ ከተማ አዲስ ትምህርት አልነበረም። የዚያው ቡድን ታላቅ አሠልጣኝ የነበረው ቢል ዋልሽ በ1970 በሲንሲናቲ ረዳት ሳለ፣ ክንደ ብርቱ የሆነው ወጣት ተጫዋቹ ከትከሻ ጉዳት የተነሣ ቀረበትና ቨርጂል ካርተር የሚባል፣ ሩቅ መወርወር የማይሆንለት ነገር ግን ፈጣን አእምሮና ልክ የሆነ እጅ ያለው ተጫዋች ተሰጠው። ዋልሽም ሰውየው የሌለውን ክንድ እንዲያመጣ አላስገደደውም፤ በአጭር ውርወራ ላይ የቆመ አዲስ የጨዋታ ሥርዓት አሰናዳለት። ኋላ በመላው ሊግ የተስፋፋው ዘዴ ከዚያ የበቀለ ነው። ሰውን ለሥርዓት ከመቍረጥ ይልቅ ሥርዓትን በሰው ልክ መስፋት ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባም። «ወጣቱን ማቀማጠል ያሰንፈዋል፤ በእሳት ይፈተን» የሚሉ አሉ። ለዚህም ፔይተን ማኒንግን ይጠራሉ፤ በ1998 በኢንዲያናፖሊስ ገና ጀማሪ ሳለ 16ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ 28 ውርወራ ተነጠቀበት፣ ቡድኑም 13 ጊዜ ተሸነፈ፤ በኋላ ግን ከታላላቆች አንዱ ሆነ። እውነት ነው። ነገር ግን ቶም ሙር የተባለው የማጥቃት አሠልጣኙ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከአጠገቡ አልተለየም። በአንጻሩ ዴቪድ ካር በ2002 በአዲሱ የሂውስተን ቡድን ያለ በቂ ጠባቂ ተሰልፎ በአንድ የውድድር ዘመን 76 ጊዜ ኳስ እንደ ያዘ ተጥሏል፤ ይህም እስከ ዛሬ ድረስ ክብረ ወሰን ነው፤ እንደ ታሰበለትም አልሆነም። ሁለቱም በእሳት ገብተዋል፤ አንደኛው ግን አብሮት የሚቆይ ሰው ነበረው። ስለዚህ ወጣቱ ይጠብቅ ወይስ ወዲያው ይሰለፍ የሚለው ክርክር ዋናውን ነገር የሚስት ይመስለናል። ችግር ማስተማሩን አንክድም፤ የሚያስተምረው ግን ትርጉሙን የሚፈታ ሰው ሲኖር ነው።

አሠልጣኞቹንም ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የስሚዝ የመጀመሪያ ዓመት የማጥቃት አሠልጣኝ የነበረው ማይክ ማካርቲ በ2006 የግሪን ቤይ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሄደ፤ በዚያም በ2005ቱ ምርጫ 24ኛ ሆኖ የተመረጠውን አሮን ሮጀርስን አገኘ። ሮጀርስ ሦስት ዓመት በተጠባባቂነት ተቀምጦ በ2008 ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ በ2010 የውድድር ዘመንም ከማካርቲ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሣ። አንዱ መምህር በአንደኛው ስፍራ አንድ ዓመት፣ በሌላው ብዙ ዓመታት ቆየ። ስሚዝ እንደ ሮጀርስ በሆነ ነበር ልንል አንችልም፤ የተሰጣቸው ጸጋ አንድ አይደለምና። ይሁን እንጂ በየዓመቱ አሠልጣኝ የሚያባርር ባለቤት ራሱ ትዕግሥትን ከቡድኑ ያባርራል። ነገ እንደሚሰናበት የሚያስብ ሰው ጎመን እንጂ ዋርካ አይተክልም።

ስሚዝ በ2013 ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ወደ አሠልጣኝ አንዲ ሪድ ተዛወረ። በ2017 ቡድኑ ፓትሪክ ማሆምስ የተባለውን ወጣት መረጠ፤ ወጣቱ የተመረጠውም የስሚዝን ስፍራ እንዲወርስ መሆኑ ለማንም ስውር አልነበረም። ሪድ አልቸኮለም፤ ማሆምስን በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ከመጨረሻው አንድ ጨዋታ በቀር አላሰለፈውም። ስሚዝ ደግሞ በዚያው ዓመት ከዘመኑ ሁሉ የተሻለ ጨዋታ እየተጫወተ፣ ተጋጣሚን እንዴት እንደሚያጠናና ለሳምንቱ ጨዋታ እንዴት እንደሚሰናዳ ለወጣቱ አሳየው። በቀጣዩ ዓመት ስሚዝ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት አካባቢ ለሚጫወተው ለዋሽንግተን ቡድን ተሰጠ፤ በኅዳር 2018 እግሩ ክፉኛ ተሰብሮ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በ2020ም ወደ ሜዳ ተመለሰ። ማሆምስ በ2018 50 ውርወራዎችን ለግብ አብቅቶ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ከስሚዝ አጠገብ ተቀምጦ ያሳለፈውንም ዓመት በየጊዜው በምስጋና ያነሣዋል።