ቀስ ብሎ የሚያነበው ወንድምህ ክረምቱን ከማን ጋር ያሳልፍ?

 

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የእረፍት ናቸው። በብዙ ቤት ግን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ደርሶ ገና ፊደል በፊደል እየነጠለ፣ መስመር እየጠፋበት የሚያነብ አንድ ልጅ አለ። ሰርተፍኬቱ «ተዛውሯል» ስለሚል ቤተሰቡ ጉዳዩን ለመስከረም ትቶታል።

ይህ ልጅ በክረምት የማን ኃላፊነት ነው? መምህሩ የለም። እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው፣ ምናልባት ራሳቸውም ፊደል አልቆጠሩ ይሆናል። በቤቱ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ከስልኩ ላይ እያነበበ ያለው ሰው ነው። አንተ ወይም አንቺ።

«እኔ አስተማሪ አይደለሁም» ይባል ይሆናል። ዑለሞች ስለ ፈርድ ኪፋያ ሲያስተምሩ ከሚሉት አንዱ፣ ሥራውን መሥራት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት ቦታ ግዴታው በዚያ ሰው ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ፈትዋ መስጠቴ አይደለም፣ አስተሳሰቡን ልዋስ ብዬ ነው። መንደር ሙሉ አንባቢ ቢኖርም የወንድምህን ደብተር የሚከፍተው ጎረቤት አይደለም።

ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ለማየት፣ በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች ከ13 ሺህ በላይ በሚሆኑ ተማሪዎች ላይ የተደረገውን የንባብ ምዘና ማስታወስ ይበቃል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት በራሱ አይመጣም፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያስተምረው፣ ከዚያም በድግግሞሽ የሚጸና ነገር ነው።

ክረምት ለምን ይጎዳዋል? በአሜሪካ ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. 39 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ተማሪዎች ከረጅሙ እረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው አገኙ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በመጠኑ ላይ ተከራክረዋል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚታየኝ ሌላ ነው። አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ ክረምቱን በሙሉ ሳያውቀው ይለማመዳል፤ የሱቅ ማስታወቂያ ያነባል፣ የታክሲ ታፔላ ያነባል፣ ቴሌቪዥን ላይ ከግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ ይከታተላል። የሚቸገረው ልጅ ደግሞ ጽሑፍ ባየ ቁጥር ዓይኑን ያዞራል፣ ማንበብ ያሳፍረዋልና። በመስከረም ሁለቱ ሲገናኙ ልዩነታቸው ሰፍቶ ይገኛል። የመጀመሪያው ልጅ ያገኘው በትጋት አይደለም፣ ሁለተኛው ያጣውም በጥፋቱ አይደለም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንግባ። ብዙ ልጆች «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በዜማ ይወርዱታል፣ እኛም ቆጠረ እንላለን። ከመሃል «ሼ» የቱ ነው ሲባል ግን ከ«ሸ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ይሄዳል። የያዘው ዜማውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፊደላቱን በትናንሽ ወረቀት ጽፎ ማደባለቅ ነው። በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሦስቱን ከነሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231 ፊደል አታቅርብለት። የሚምታቱበትን አምስት ስድስት ብቻ፦ በ እና ሰ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ።

ካዕብና ሣልስ፣ ኃምስም ጭምር፣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው። ቡ፣ ሱ፣ ሙ ጎን ላይ፤ ቢ፣ ሲ፣ ሚ እግር ላይ፤ ቤ፣ ሴ፣ ሜ እግር ላይ ቀለበት። ይህን ያየ ልጅ ግማሹን ገበታ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ሳድስ ግን አስቸጋሪ ነው፤ መልኩ አንድ ሕግ የለውም፣ ድምፁም አንዳንዴ ብቻውን ይቆማል፣ አንዳንዴ ከሚቀጥለው ጋር ይጣበቃል። «ልብስ»ን እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ የሚጠራ ልጅ ሦስቱንም በትክክል ጠርቶ ቃሉን ላያገኘው ይችላል። ያኔ «እንዴት ልብስን አታውቅም!» ከማለት፣ ፊደሎቹን እያቀራረብክ፣ ድምፅህን እያያያዝክ አብረኸው በል። ጥብቀትና ላልነትም በጽሑፍ አይታይም፤ «ዋና» መዋኘትም ነው፣ ዋነኛም ነው። ልጁ መጀመሪያ አላልቶ ቢያነብና ከዓረፍተ ነገሩ ተነስቶ ራሱን ቢያርም፣ እሱ ስህተት ሳይሆን ንባብ ነው። (ቁርኣን የቀራችሁ ሸዳ ያለበት ጽሑፍ እንዴት እንደሚያሳርፍ ታውቃላችሁ።)

ጊዜውስ? በቀን አስራ አምስት ደቂቃ። ከመግሪብ በኋላ ይሁን፣ ከቁርስ በፊት፣ ብቻ በየቀኑ ይሁን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ኢብኑ መስዑድም እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ ሰሓቦቻቸው እንዳይሰለቹ እየፈሩ ምክራቸውን በቀናት ያፈራርቁ ነበር። እንደ እሳቸው ያለ አስተማሪ፣ እንደ ሰሓቦች ያለ ተማሪ፣ ያም ሆኖ መሰልቸት ታሰበ። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ዘጠኝ ዓመት ልጅን ሁለት ሰዓት አስቀምጠን ሲያዛጋ እንቆጣለን። ክረምቱ የሱ እረፍት ነው፣ የመጫወት ሐቅ አለው። አስራ አምስት ደቂቃው ካለቀ ኳሱን ይዞ ይውጣ፣ አንቀጹ መሃል ላይ ቢሆንም እንኳ።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ወይም የመጀመሪያዋን ፊደል ይዞ ይገምታል። «በሬው ሣር በላ» የሚለውን «በሬው ሣር ጋጠ» ይላል። ትርጉሙ አልጠፋም፣ ፊቱም ተስፋ አድርጎ ያይሃል። «ጎበዝ!» ትለዋለህ?

ብዙዎቻችን እንላለን፣ ልቡን ላለመስበር። ግን ያ ሙገሳ ለማን ነው የሚጠቅመው? ለዚያች ደቂቃ ሁለታችሁንም ያሳርፋል። ለልጁ ግን አንድ ነገር ይነግረዋል፦ ከገጹ ላይ ያለውን ማየት አያስፈልግም፣ የአንባቢውን ፊት ማየት ይበቃል። የሚቸገር ልጅ ይህን ትምህርት ከማንም ቀድሞ ይይዛል። በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ሲያልቅና ጽሑፍ ብቻ ሲመጣ ብቻውን ይቀራል፣ ያኔ ያመሰገነው ሰው አጠገቡ የለም። ውሸት የሆነ ሙገሳ እዝነት ይመስላል እንጂ ልጁ ላይ እምነት ማጣት ነው፤ እውነቱን አይችለውም ብሎ መወሰን ነውና።

ተቃራኒውም አለ። ሐዲስ ውስጥ እንደተላለፈው፣ ከበድር ምርኮኞች ቤዛ ያልነበራቸው ለአንሷር ልጆች ጽሕፈት በማስተማር ነፃ እንዲወጡ ተደርገው ነበር። ይህን ሁላችንም በኩራት እንጠቅሳለን። ከዚያው ዘገባ ውስጥ ብዙም የማይነሳ ነገር አለ፦ አንድ ልጅ እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ፣ አስተማሪው መቶት ነበር። አባቱም ሰውየው የበድርን ቂም እየተወጣ ነው ብሎ፣ ዳግም ወደሱ እንዳይሄድ ከለከለው። ትምህርቱ ለዚያ ልጅ እዚያ ላይ ቆመ። እጃችንን ባናነሳም «ከአንተ ታናሽ የሆነው የጎረቤት ልጅ እኮ ያነባል» የምትለዋ ቃል ያንኑ ትሠራለች።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ቀላል ነው፣ ሰብር ግን ይፈልጋል። «በላ» ላይ ጣትህን አድርግና «ትርጉሙን አግኝተሃል። አሁን ይህችን ቃል በድምፅ ፈልጋት» በለው። ሲያገኛት ያኔ አመስግነው፣ ምን እንዳደረገ ጠቅሰህ፦ «በ እና ላን አገናኘህ»። እውነትም ነው፣ ያስደስታልም።

ኒያችንንም እንመርምር። ልጁ እንዲያነብ የምንፈልገው ለሱ ነው ወይስ ዘመድ ፊት ላለማፈር? መለየት ይቻላል። ማንም ሳያይ ሲሳሳትና እንግዳ ፊት ሲሳሳት ቁጣችን እኩል ካልሆነ መልሱ ታውቋል።

ብዙ ልጆች በክረምት መድረሳ ይውላሉ፣ አልሐምዱሊላህ። «ቁርኣን ላይ ስለሆነ አማርኛው ይቆየው» የሚሉ ወላጆች አሉ። በእኔ እይታ አንዱ ሌላውን አይገፋም። ቃዒዳ ላይ ሐርፉን ነጥሎ፣ ፈትሓና ከስራውን ለይቶ፣ ኋላ አገናኝቶ መቅራት የሚማረው ልጅ ያው ለአማርኛው የሚያስፈልገውን ችሎታ ነው የሚገነባው። ሱራውን በጆሮው ብቻ ይዞ ጽሑፉን መለየት ያልቻለ ልጅ ደግሞ በዜማ ፊደል ከቆጠረው ልጅ ጋር አንድ ነው፤ ኡስታዙ ሉሑ ላይ ከመሃል ቢጠይቁት ይታወቃል። ያም ልጅ ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ አስተላልፈዋል። ይህን ለልጁ ንገረው፣ እሱን እያሰብክ ሳይሆን እሱን እያየህ።

በአንድ ወረቀት ላይ የሚሳሳትባቸውን ፊደሎችና ቀኑን ጻፍ፣ የተስተካከለውን ሰርዝ። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ያን ወረቀት ለክፍል መምህሩ ወይም ለመምህርቷ ውሰድላቸው። ስድሳ ሰባ ተማሪ ፊታቸው ያለ ሰው ወንድምህ «ጸ»ን እና «ጰ»ን እንደሚያምታታ በራሳቸው እስኪያውቁ ጥቅምት ይገባል።