የሩጫ ደስታ ከየት ይመነጫል?

በአማርኛ «ሩጫ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። አንደኛው የእግር ሩጫ ነው፤ ሌላው የኑሮ ሩጫ ነው። የዕለት ጉርሱን ለማግኘት ከንጋት እስከ ምሽት የሚባክን ሰው «ሩጫ ላይ ነኝ» ይላል፤ ከዚህ ዓለም የተለየም «ሩጫውን ጨረሰ» ይባልለታል። ቋንቋው ራሱ ሩጫን ከድካምና ከግዴታ ጋር አቆራኝቶታል ማለት ነው። ታዲያ በዚህ ቃል ውስጥ ደስታ ምን ቦታ አለው? ሩጫን አስደሳች ማድረግ ይቻላልን? ቢቻልስ ይገባልን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ፣ የሰው ልጅ ከገዛ ድካሙ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ጥያቄ ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ ወናጎና ይርጋ ጨፌ ይከተላሉ፤ በምሥራቅ ምድሩ ወደ ቡሌ ደጋ ከፍ ይላል። በዚህ በጌዴኦ ምድር ሰፊ ሜዳ ብርቅ ነው፤ ቁልቁለት የወረደ እግር ዳገት መውጣቱ አይቀርም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሁለት ሯጮችን ማሰብ ይቻላል። አንደኛው ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የጭነት መኪኖች አስፋልቱን ሳያጨናንቁት በፈቃዱ የተነሣ ወጣት ነው። ሁለተኛው በእንሰት መካከል በሚያልፈው ቀጭን መንገድ፣ ደብተሩን ታቅፎ፣ ደወሉን ለመቅደም የሚጣደፍ ተማሪ ነው። የሁለቱም ልብ ይመታል፤ የሁለቱም ግንባር ያልበዋል። ነገር ግን አንዱ ፊቱ ፈክቶ ይመለሳል፤ ሌላው ተሳቆ ይደርሳል። ተማሪው ከዘገየ ደግሞ ቅጣቱ ሜዳውን በሩጫ መዞር ሊሆን ይችላል። የሞራሉ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሩጫን በቅጣትነት ያስተዋወቀ መምህር፣ በማግሥቱ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ያንኑ ሩጫ «ውደዱት» ሊል እንዴት ይችላል?

የደስታውን ምንጭ በተመለከተ ሁለት አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው ደስታ ከውጭ የሚጨመር ነው ይላል፤ ጥሩ ጫማ፣ በጆሮ የሚንቆረቆር ሙዚቃ፣ በመጨረሻም ሽልማት። ሁለተኛው ሩጫ የዲሲፕሊን ጉዳይ በመሆኑ ደስታን መፈለግ ቅምጥልነት ነው ይላል። የመጀመሪያው ከፊል እውነት አለው፤ ዜማ ድካምን እንደሚያቀልል በደቦ የሠራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሙዚቃው ሲቆም ደስታውም አብሮ ከቆመ፣ ሯጩ የወደደው ሙዚቃውን እንጂ ሩጫውን አልነበረም። አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ የሯጭ ሀብት ከጫማው እንደማይጀምር ለዓለም አሳይቷል። ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ ጽናትን ከግዳጅ ጋር ያደባልቃል። በግዳጅ የተገኘ ጽናት አስገዳጁ ዘወር ሲል ይፈርሳል፤ ወድዶ የሚሮጥ ግን ተቆጣጣሪ አያሻውም።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል፣ ደስታ ከሥራው ተነጥሎ የሚታደን ነገር ሳይሆን፣ በሚገባ በተከናወነ ሥራ ላይ ውበት በወጣት ገጽ ላይ እንደሚያብብ የሚታከል ፍጻሜ መሆኑን አስተምሯል። ይህን ለመረዳት የጌዴኦ ገበሬ የፍልስፍና መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ከእንሰት ጎን ይበቅላል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የዚሁ የትዕግሥት ሥራ ውጤት ነው። ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ከበጋው ድርቀት በኋላ ዝናብ ሲወርድ ቡናው ነጭ አበባ ይለብሳል፤ መዓዛውም አካባቢውን ያውዳል። አበባውን የተከለ ማንም የለም፤ የተተከለው ችግኙ ነው። ገበሬው አበባን ሊያዝዝ አይችልም፤ ጥላውንና አፈሩን ግን ሊያሰናዳ ይችላል። የሩጫ ደስታም እንዲሁ ነው። ሯጩ «አሁን ልደሰት» ብሎ አይደሰትም፤ ደስታ የሚያብብበትን ሁኔታ ግን ሊያዘጋጅ ይችላል።

ከእነዚህ ሁኔታዎች የመጀመሪያው ልክን ማወቅ ነው። ጀማሪ ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ ሩጫን የሚጠላው በመሮጡ ሳይሆን ከዐቅሙ በላይ በመሮጡ ነው። ፍጥነቱ ሲያይል ልብና ሳንባ ጡንቻ የሚፈልገውን ያህል ኦክሲጅን ማድረስ ይሳናቸዋል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እግር ይከብዳል። ከጎኑ ካለው ባልንጀራው ጋር እየተጨዋወተ መሮጥ የሚችል ግን ልኩን አግኝቷል። በዳገት ላይ እርምጃን ማሳጠር፣ ሲያስፈልግም መራመድ ሽንፈት አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ከማንም በፊት ለሯጭ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ባልንጀርነት ነው። በእንጦጦ ጫካ የሚለማመዱ አትሌቶች ተራ ይዘው፣ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እየተከተለ ሲሮጡ ይታያሉ፤ የመምራቱን ድካምም ይቀባበሉታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸው፣ ደስታ ሲካፈሉት እንደማይጎድል አሳይቷል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊዎች ተጀምሮ በኋላ ከ40,000 በላይ ሰዎች የተሰለፉበት የአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫም ይህንኑ ይመሰክራል። እዚያ አብዛኛው ሰው የሚወጣው ለመቅደም ሳይሆን እየዘፈነና እየጨፈረ አብሮ ለመድረስ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ድል እንዴት ይገኛል? ወርቅ የሚገኘው በሥቃይ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በሩጫ ውስጥ ሥቃይ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን የደስታ ተቃራኒ ድካም ሳይሆን፣ ትርጉም ያጣ ድካም ነው። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ሌላው በሚዘረርበት ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአርሲ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ የነበረው በግዴታ ነው፤ ያንኑ ሩጫ የራሱ ፈቃድ ሲያደርገው ግን ዓለም በፈገግታው አወቀው። የተለወጠው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ የሯጩ ብቻ አይደለም። ቀኑን ቡና ስትለቅም ውላ ማታ ውሃ የምትቀዳ ልጃገረድ ብርቱ እግር አላት፤ የራሷ የሆነ ሰዓት ግን የላትም። አስፋልቱ ለመኪና ብቻ በተተወበት፣ ሜዳም በታጣበት ሠፈር «ሩጡ፣ ተደሰቱ» ማለት ያለ አፈር ችግኝ እንደ መትከል ነው። የሩጫን ደስታ ለብዙኃኑ የሚመኝ ሁሉ አስቀድሞ ሰዓትን፣ ስፍራንና ባልንጀራን ማሰናዳት ይጠበቅበታል። ይህም ከትንሹ ሊጀመር ይችላል። ዘግይቶ የደረሰውን ተማሪ ሜዳውን እንዲዞር የሚያዝዘው መምህር ያን ትእዛዝ ቢተውና፣ በሌላ ማለዳ፣ ሁለቱም እየተጨዋወቱ መሮጥ በሚችሉበት ፍጥነት ከልጁ ጎን ቢሮጥ፣ ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ልጁ ግን በማግሥቱ ሳይጠራ ይመጣል።