የተማሪን ልብ ስለ መመርመር

ሰው የሌላውን ሰው መማር በእውነት ሊያውቅ ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ የመጠየቅን መብት ከወዴት ያገኘዋል? ይህ ነገር የፈላስፎች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፥ በጊንጪም በጉደርም በጌዶም፥ በጋውን ሲያስተምሩ ከርመው ክረምት ሲገባ ራሳቸው ተማሪ የሚሆኑ መምህራን፥ ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፋቸው መጠይቅ ይዘው በተማሪ ፊት በቆሙ ጊዜ ሁሉ፥ አስበውትም ሆነ ሳያስቡት፥ የሚገጥማቸው ጥያቄ ይኸው ነው።

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት የተባለችው አምቦ ለምርምር እንግዳ አይደለችም። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተመሠረተው ተቋም በዘመን ብዛት ኮሌጅ፥ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፥ ከአምቦ አልፎ በጉደርና በወሊሶ ግቢ እስከ ማቋቋም ደርሷል። መጀመሪያ አፈርንና አዝመራን ሊመረምር የተተከለው ቤት ዛሬ ስለ መማርና ስለ ማስተማር የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችንም ያወጣል። የሁለቱ ምርምር ጠባይ ግን እጅግ የተለያየ ነው፤ አፈር ሲመረመር አያፍርም፥ አይፈራም፥ መርማሪውን ደስ ለማሰኘት ብሎም መልሱን አይለውጥም፤ ተማሪ ግን ሰው ነውና ይህን ሁሉ ያደርጋል።

ሃይማኖታችን ልብንና ኩላሊትን መርምሮ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ እንደ ሆነ ያስተምረናል። የዘመኑ መጠይቅ ደግሞ ከ«እጅግ እስማማለሁ» እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» የሚደርሱ አምስት ማዕርጋትን አሰናድቶ፥ የተማሪውን ልብ በእነዚህ ሊሰፍረው ይሻል። ቁና የእህልን ብዛት ይናገራል እንጂ ጣዕሙን አይናገርም። ከጄልዱ ወይም ከዳኖ ገጠር ወደ ከተማ ወጥታ፥ በተከራየችው ጠባብ ክፍል ከወላጆቿ ቤት በሚላክላት ስንቅ እየኖረች፥ ስምንት ዓመት በአፋን ኦሮሞ ከተማረች በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የዞረባት ልጃገረድ፥ «ትምህርቱን በሚገባ እከታተላለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ትይዩ «እስማማለሁ» ከሚለው ላይ ምልክት ብታኖር፥ ተስማማች የምንለው በምኑ ነው? ትጋቷን መሰከረችን? ወይስ አለመረዳቷን ሸሸገች? ወይስ ለመምህሯ ያላትን አክብሮት ገለጠች? የምልክቶች ድምር ተካፍሎ አማካዩ በሰንጠረዥ ሲሰፍር ይህ ሁሉ ልዩነት ከዐይን ይሰወራል።

እንግዲህ የሰው ልብ ምስጢር ከሆነ ምርምሩን እንተወው የሚል ቢኖር፥ አነጋገሩ ትሕትና መስሎ ስንፍናን የሚያስተምር ነው እለዋለሁ። እግዚአብሔር ልብን ያውቃል ብሎ የባልንጀራውን ጩኸት ከመስማት የሚከለከል ሰው እግዚአብሔርን አላከበረም። መምህር በተፈጥሮው ጠያቂ ነው፤ የደቀ መዝሙሩን መንገድ ሳይመረምር ያስተማረ መምህርም ከቶ አልነበረም። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፤ ትናንት የተነገረው ለዛሬ ስለማይሆን፥ የኔታ የልጁን አእምሮ ርምጃ ያለ አንዳች ወረቀት ከቀን ወደ ቀን ይከታተሉታል። በትምህርት የቀደመውም ታናሹን እያስቀጸለ ራሱ ይማራልና፥ ተማሪም መምህርም መሆን በአገራችን የክረምት ተማሪዎች የጀመሩት ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ያለ ልክ ማወደስ ለእውነት አይስማማም። ያ ሥርዓት ተማሪው የቻለውንና ያልቻለውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ በልጁ ላይ የደረሰውን ግን አይጠይቅም ነበር። ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ ፊደልንና ዜማን የተማረው ልጅ ረኀቡንና ናፍቆቱን፥ ከአለንጋም የተነሣ የተዘጋ አንደበቱን የሚነግረው ሰው አልነበረውም። ተማሪውን «ስትማር ምን ሆንህ?» ብሎ መጠየቅ የአዲሱ ምርምር ትሩፋት ነው፤ ይህም በጎ ስለ ሆነ ልንጠብቀው ይገባል።

ይህ ጥያቄ በመልካም በተጠየቀ ጊዜ የሚሰጠውን ፍሬ ለማየት ወደ ውጭ መሄድ አያስፈልግም። መንግሥቱ ለማ፥ በ1959 ዓ.ም. በታተመው በመጽሐፈ ትዝታ፥ የታላቁን ሊቅ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን የሕይወትና የትምህርት ትዝታ ከገዛ አንደበታቸው ተቀብለው አቆይተውልናል። ያ ሥራ ለዲግሪ የተደረገ አልነበረም፤ ሆኖም የተማሪን ሕይወት ለሚያጠና ሁሉ አብነት ነው። ጠያቂው ታግሦ ሰማ፤ ተጠያቂው በለመደው ቋንቋና በራሱ የአነጋገር ሥርዓት ተናገረ፤ የተናገረውም ወደ ቁጥር ሳይቀልጥ በሙሉ መልኩ ለትውልድ ደረሰ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የሰው መማር የሚታወቀው ባለቤቱ በፈቃዱ በመሰከረ ጊዜ ነው። ምስክርነትን ደግሞ ይቀበሉታል እንጂ በግድ አይወስዱትም።

ነገሩ ከዚህ ከደረሰ በጠያቂው ላይ ግዴታ ይከተላል። የተማሪውን ውጤት በእጁ የያዘ መምህር፥ በገዛ ክፍሉ መጠይቅ አድሎ ሁሉም ሞልተው ቢመልሱለት፥ የተቀበለው ፈቃድ ነው ወይስ ፍርሃት? የንስሐ አባት የሰማውን በልቡ ይቀብራል፤ ተመራማሪ ግን የሚሰማው ሊጽፍ ነውና፥ ስምን ከመሰወር አስቀድሞ እንቢ የማለትን ነጻነት ለተማሪው በእውነት ሊሰጠው፥ እንቢታውም በነጥቡ ላይ አንዳች እንዳይጎዳው ሊያረጋግጥለት ይገባዋል። በአፋን ኦሮሞ የኖረውን ሕይወት በአፋን ኦሮሞ እንዲናገር መፍቀድም የዚሁ ነጻነት ክፍል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግዴታ ግን መልሶ መንገር ነው። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ የምትገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ስፍራ ነበረች፤ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የገዳ ሥርዓትም በጉባኤ የተመከረውን ለጉባኤው ያሳውቃል እንጂ በጥቂቶች ዘንድ ሸሽጎ አያስቀምጥም። የዛሬው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ በፈታኞች ፊት ከተሟገቱበት በኋላ በጠንካራ ልባድ ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ጊዜያቸውንና ምስጢራቸውን የሰጡት ተማሪዎች ስለ እነርሱ የተባለውን ሳይሰሙ ክፍል ያልፋሉ። ይህ እንደ ስሕተት ብቻ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም፤ ዐደራ መብላት ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የሌላውን መማር እግዚአብሔር እንደሚያውቀው አድርገን አናውቀውም፤ የሰጠንን ምስክርነት ያህል ግን ልናውቅ እንችላለን፥ ይህም ለማስተማር ይበቃል። የመጠየቅ መብት ደግሞ ከማዕርግ አይገኝም፥ ከዩኒቨርሲቲ ማኅተምም አይገኝም፤ በመልሱ ለመታረም አስቀድሞ ከመዘጋጀት ይገኛል። በጊንጪ ወይም በጌዶ የሚያስተምር አንድ መምህር ክረምቱን አጥንቶ በመስከረም ወደ ክፍሉ ሲመለስ፥ ከተማሪዎቹ የሰማውን ለተማሪዎቹ ነግሮ፥ ከማስተማሩም ያ ቃል የኰነነውን አንድ ልማድ ቢተው፥ ምርምሩ ጸደቀ፤ ዲግሪውን ተቀብሎ እንደ ቀድሞው ቢያስተምር ግን፥ ከፈታኞች ያገኘው ነጥብ የቱን ያህል ከፍ ቢል፥ የተማሪዎቹ ዕዳ ገና አልተከፈለም።