ላልመጣ ቸነፈር ዘብ ስለ መቆም

የራያ ቆላ ዝናብ የማይታመን ነው። ስለዚህ የቆቦ ገበሬ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ቦዩ የሚጠረገው ግን ወንዙ ደርቆ አሸዋው ሲያንጸባርቅ ነው። መንገደኛ ቢያይ፣ እነዚህ ሰዎች ውኃ በሌለበት ስለ ምን ይደክማሉ ሳይል አይቀርም። ጎርፉ ግን የቆቦ ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ ዝናብ ከጣለበት ከሩቅ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ አካፋ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ማሳው ይወሰድበታል።

ቸነፈርም እንዲሁ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሌላው ዓለም ሲዞር ቆይቶ በኅዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጸና ጊዜ፣ ሐኪሞቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም በበሽታው የሞቱ ነበሩ። በከተማይቱ ወደ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ለዚያ መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ይቃጠላል። ጢሱን ያልረሳ ሕዝብ የሐኪሙን ማነስ መርሳቱ ያስገርማል።

የራያ ቆላም የራሱ ምስክር አለው፤ ይኸውም ወባ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ በኢትዮጵያ ወባን የመከላከል ሙከራ ከተደረገባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ቆቦ ጨርጨር ነበረ። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ወባ ባልለመደው በከፍተኛው አገር ተነሥቶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150 ሺህ ያህልም እንደ ሞተ ተገመተ። የቆላ ሰው አብሮት የኖረው ጠላት ደጋውን ባላሰበበት ቀን ያዘው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ለዛሬ ሕመምተኛ መድኃኒት ሳይበቃ፣ ላልመጣ በሽታ ገንዘብ ማኖር ቅን ፍርድ ነውን? ሕፃን በንዳድ ሲቃጠል እያዩ ለነገው እንግዳ ሕመም መጋዘን መቆለፍ ጭካኔ ነው የሚል ሰው አለ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ የታየ ሕመም ካልታየው ይልቅ ልብን ይወጋልና።

ነገር ግን ሁለቱ እንደሚባለው የተጣሉ አይደሉም። እንደ ምን ቢሉ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠሩ ቀበሌ ጤና ኬላ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲቀመጡ ተደረገ፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። ዛሬ የሕፃኑን ደም ለወባ የምትመረምረው ሴት፣ ነገ ስሙ ያልታወቀ ትኩሳት ሲነሣ ከሁሉ ቀድማ የምታየው እርስዋ ናት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ በተገኘ ጊዜም፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተማሩት እነዚሁ ሴቶች ነበሩ። ለዛሬው ሕፃን የወጣው ደመወዝ ለነገውም ዘብ ሆነ ማለት ነው። ቢሆንም ጠቡ ጨርሶ አይጠፋም፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መድኃኒት ሳይነካ በደጁ የሚሞት ሰው ይኖራል፤ ያንን ሞት በሒሳብ ብቻ ማስተስረይ አይቻልም።

የዘበኛው ሌላ መከራ ምስጋና ማጣቱ ነው። ከወረርሽኝ የዳነ መንደር ከምን እንደ ዳነ አያውቅም፤ ስለዚህ በጀት ሲጠብ አስቀድሞ የሚቆረጠው የእርሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ደግሞ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩም። አልጋውን የወሰደ ሰው አንድ አልጋ ብቻ የወሰደ ይመስለዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ሊተኛ የነበረውን፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው መግፋቱን አያስብም። ላልመጣ ሕመምተኛ ዕዳ የለብንም የሚል ሰው ይህን በደል በደል ብሎ መጥራት ይቸግረዋል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት በጄኔቭ ስለሚመጣው ወረርሽኝ ስምምነት አጸደቁ። መልካም ነው። በቆቦ ቆላ የጤና ኬላውን በር ጠዋት የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ፣ በሽታ በሌለበትም ወር ደመወዙን ማን እንደሚሰጠው የሚቆርጡት ግን የአገሩ ሹማምንትና ቦይ ጠራጊዎቹ ጎረቤቶች ናቸው።